የእትዬ ላቀች ገብስና አንድ መልክ ያላቸው ዶሮዎች

የሰንሰለቱን ጫፍ እናንተ ያዙልኝ፤ እኔ ቀለበት በቀለበት ልቀጥል። ያዛችሁ? እንግዲያው አትልቀቁ፤ መሐል ላይ ቢበጠስ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ሾላ በር በምትባል፣ አንድ ወፍጮ ብቻ ባላት ትንሽ ከተማ፣ አንድ ሕፃን ተወለደ። የመውለጃው ቀን ገና አልደረሰም ነበር፤ እሱ ግን ማንንም ሳያማክር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ። እናቱ ስንዱ ትባላለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። አያቱ እትዬ ላቀች ናቸው። ሕፃኑ የፈለገው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የእናቱን ወተት። ረቡዕ አለቀሰ፣ ሐሙስ አለቀሰ፣ ዓርብ ጧት ድምፁ እየደከመ አለቀሰ። እትዬ ላቀችን ያስፈራቸው ለቅሶው አይደለም፤ የለቅሶው መድከም ነው።

«ዝም በል የኔ ጌታ» አሉት።

«ዝም አልልም» አለ ሕፃኑ። በለቅሶ ነው ያለው፤ እሳቸው ግን ገባቸው። «ጡት ሲያጋት ያን ጊዜ ዝም እላለሁ።»

እትዬ ላቀች ወደ ጡት ዞሩ። «ጡት ሆይ፣ አጋት እንጂ! ሕፃኑ ዝም አይልም አንተ ካላጋትክ።»

«አላጋትም» አለ ጡት። «ስንዱ ከወለደች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ከባዶ ሆድ ምን ላምጣ?»

እውነቱን ነው። እንቁላል ቢሰጧት አፏ አልቀበል አለ፤ ሾርባ ቢሰጧት ገፋችው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ እናትና ልጁን አይታ፣ «ሕፃኑ ደህና ነው፤ እሷ ግን ትብላ፤ የወደደችውን ስጧት» ብላ ሄዳለች። ዛሬ ጧት ስንዱ ዓይኗን ገለጠችና ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አማራት። «እማዬ፣ ገንፎ ብታገነፊልኝ እበላ ነበር። የኛን ገብስ። ቅቤው መሐሉ ላይ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥበትን።»

እትዬ ላቀች ከደስታቸው የተነሣ ማማሰያውን ፍለጋ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ለካ በእጃቸው ይዘውታል። ድስቱን ጣዱት፣ እሳቱን ቆሰቆሱት። «ድስቴ ሆይ፣ ገንፎ ስጠኝ! ሕፃኑ ዝም አይልም ጡት ካላጋተ፤ ጡት አያጋትም ገንፎ ካልተበላ።»

«አልሰጥም» አለ ድስት። «ውሃ አለኝ፣ እሳት አለኝ፣ ዱቄት የለኝም። ውሃ ባማስል ምን ይወጣኛል?»

ገብሱማ ነበር። ተቆልቶ፣ ተፈትጎ፣ ተበጥሮ፣ በማዳበሪያ ታስሮ ከበሩ ኋላ ቆሟል። ማክሰኞ ጧት ወፍጮ ቤት ሄዶ ሳይፈጭ ተመልሷል። ለምን እንደተመለሰ አሁን አልነግራችሁም፤ ሰንሰለቱ ራሱ እየጎተተ ያመጣዋል። ከጎረቤት ለምን አይበደሩም ትሉኝ ይሆናል። የጎረቤቱም እህል ከረቡዕ ጀምሮ ሳይፈጭ ተገትሯል፤ የሾላ በር ሰው በሙሉ የዱቄት ዕቃውን ጠርጎ ወፍጮው ሲነሣ ነው የሚጠብቀው።

እትዬ ላቀች ገብሳቸውን ተሸክመው ወፍጮ ቤት ገቡ። ማዳበሪያው ሁሉ በወረፋ ቆሟል፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ያወራል። ሞተሩ ዝም። ባለወፍጮው ጋሽ በሪሁን ዱቄት የለበሰ ካፖርታቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

«ወፍጮ ሆይ፣ ዙር!» አሉ እትዬ ላቀች። «ሕፃኑ ዝም አይልም ጡት ካላጋተ፤ ጡት አያጋትም ገንፎ ካልተበላ፤ ገንፎ አይገነፋም ዱቄት ካልመጣ!»

«አልዞርም» አለ ወፍጮ። «ዶሮዎቹ ካልተለያዩ አልዞርም።»

ስለ ዶሮዎቹ ልንገራችሁ። በሾላ በር ድሮ ሰው ማዳበሪያውን የሚያውቀው በጨርቅ ነበር፤ አንዱ ቀይ ብጣሽ ያስራል፣ አንዱ የአሮጌ ካልሲ ጫፍ፣ አንዱ የልጁን የፀጉር ሪባን። አንድ ቀን አንዱ ብጣሽ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ውስጥ ገብቶ ቺንጋውን በጠሰውና ጨርቅ ተከለከለ። ስም እንዳይጻፍ፣ ማንበብ የማይችለው ብዙ ነው። ስለዚህ የወፍጮው ማኅበር ሥዕል ይሁን አለ። እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ሁለት ይታተማል፤ አንዱ ማዳበሪያው ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ በባለቤቱ እጅ ይቀራል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ዱቄቱ ይሰጣል። ዘዴው መልካም ነበር። ችግሩ ረቡዕ ዕለት የመጡት ዘጠናዎቹ ሥዕሎች በሙሉ አንድ ዶሮ መሆናቸው ነው።

«ረቡዕ ጧት» አሉ ጋሽ በሪሁን፣ «የአንዲቱን ጤፍ ለአማቷ፣ የአማቷን ሽምብራ ለእሷ ሰጥቼ ሁለቱ እስከ ዛሬ ተኮራርፈዋል። ዶሮዎቹ ካልተለያዩ ሞተር አላስነሣም ብዬ በአባቴ አጥንት ምያለሁ።»

«የኔን ብቻ ፍጭልኝ፣ በሪሁን ወንድሜ። ለአራስ ነው።»

«መሐላ መሐላ ነው፣ እትዬ። እኔ ደግሞ... ዶሮዎቹን ይጠይቋቸው።» ይህን ሲሉ እሳቸውን አላዩም፤ ጣራውን ነው ያዩት።

እትዬ ላቀች ጣራውን ቀና ብለው አዩ፤ ምንም የለም። ጎንበስ ብለው ወረፋ ላይ ከቆሙት አንዱ ማዳበሪያ ላይ ያለውን ዶሮ አፈጠጡበት። ግራ እግሩን አንሥቷል፣ አንገቱን ሰብቋል፣ አፉን ከፍቷል። ጎኑ ያለውም ግራ እግሩን አንሥቷል፣ አንገቱን ሰብቋል፣ አፉን ከፍቷል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ፣ እስከ በሩ ድረስ።

«ዶሮዎች ሆይ፣ ተለያዩ! ሕፃኑ ዝም አይልም ጡት ካላጋተ፤ ጡት አያጋትም ገንፎ ካልተበላ፤ ገንፎ አይገነፋም ዱቄት ካልመጣ፤ ዱቄት አይመጣም ወፍጮ ካልዞረ፤ ወፍጮ አይዞርም እናንተ ካልተለያችሁ!»

«አንለያይም» አሉ ዘጠናው ባንድ አፍ። «እኛ አንድ ዶሮ ነን፤ ዘጠና ጊዜ ወጣን እንጂ። የሣለንን ኮምፒዩተር ይጠይቁ።»

ኮምፒዩተሩ ያለው ትርሲት ዘንድ ነው። ትርሲት የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ከመናኸሪያው ጎን የፎቶ ኮፒና የኅትመት ሱቅ አላት። ኮምፒዩተሯ ላይ የሚፈልጉትን በቃል ሲጽፉለት ሥዕሉን ሠርቶ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። ከተማው መጀመሪያ አላመነም፤ አሁን ለሠርግ ካርድም ለሱቅ ምልክትም እሷው ጋ ነው የሚሄደው። እትዬ ላቀች ማዳበሪያውን ደጃፉ ላይ አሳርፈው፣ ሰላምታውንም በአጭሩ አድርሰው፣ ከኮምፒዩተሩ ፊት ቆሙ።

«አንተ ኮምፒዩተር፣ ሌላ ሌላ ዶሮ ሣል! ሕፃኑ ዝም አይልም ጡት ካላጋተ፤ ጡት አያጋትም ገንፎ ካልተበላ፤ ገንፎ አይገነፋም ዱቄት ካልመጣ፤ ዱቄት አይመጣም ወፍጮ ካልዞረ፤ ወፍጮ አይዞርም ዶሮ ካልተለየ፤ ዶሮ አይለይም አንተ ካልሣልክ!»

«አልሥልም» አለ ኮምፒዩተር። «እኔ የምሰማው ሁለት ነገር ነው፤ ቃልና ቁጥር። ቃሉ ምን ልሣል ይለኛል፤ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ምን ያህል ልራቅ ይለኛል። ቃሉ አውራ ዶሮ ነው፤ ደህና። ቁጥሩ ግን ዜሮ ነው። ዜሮ ከሆነ የመጀመሪያውን ዶሮ እደግመዋለሁ፤ ሺህ ዶሮ ብትጠይቁኝም እሱን ሺህ ጊዜ እደግመዋለሁ። ዜሮን ያናግሩት።»

ከሥዕሉ ሥር አንድ መሥመር አለ፤ «ልዩነት» ይላል። በግራ ጫፉ ዜሮ፣ በቀኝ ጫፉ መቶ። ዜሮ በግራ ጥግ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«ዜሮ ሆይ፣ ተነሥ!» አሉ እትዬ ላቀች፤ ትንፋሻቸው እያጠረ ነው። «ሕፃኑ ዝም አይልም ጡት ካላጋተ፤ ጡት አያጋትም ገንፎ ካልተበላ፤ ገንፎ አይገነፋም ዱቄት ካልመጣ፤ ዱቄት አይመጣም ወፍጮ ካልዞረ፤ ወፍጮ አይዞርም ዶሮ ካልተለየ፤ ዶሮ አይለይም ኮምፒዩተር ካልሣለ፤ ኮምፒዩተር አይሥልም አንተ ካልተነሣህ!»

«አልነሣም» አለ ዜሮ። «ክብ ብሆንም በራሴ አልንከባለልም። ትርሲት ትንካኝ።»

እትዬ ላቀች ወደ ትርሲት ዞረው አፋቸውን ሲከፍቱ ትርሲት ቀደመቻቸው፤ ሰምታ ሰምታ ይዛዋለች። «አውቃለሁ እትዬ። ሕፃኑ ዝም አይልም ጡት ካላጋተ፤ ጡት አያጋትም ገንፎ ካልተበላ፤ ገንፎ አይገነፋም ዱቄት ካልመጣ፤ ዱቄት አይመጣም ወፍጮ ካልዞረ፤ ወፍጮ አይዞርም ዶሮ ካልተለየ፤ ዶሮ አይለይም ኮምፒዩተር ካልሣለ፤ ኮምፒዩተር አይሥልም ዜሮ ካልተነሣ፤ ዜሮም አይነሣም እኔ ካልነካሁት። ግን አልነካም።»

«ምን አደረግሁሽ፣ አንቺ ልጅ?»

«ምንም። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ድልነሳ ዜሮ ላይ ይታሰር ብለው ፈርመው ሰጥተውኛል። መጀመሪያ እኮ መቶ ላይ ነበር ያደረግሁት። ዘጠና ዓይነት ይውጣ ብዬ ጥጉ ድረስ ገፋሁት። ወጣልኛ! አንዱ ዶሮ ክራባት አሰረ፤ አንዱ ጫማ ሆኖ ላባ አበቀለ፤ አንዱ ደግሞ...» ትርሲት ድንገት ጥፍሯን ማየት ጀመረች።

እትዬ ላቀችም «አንዱ ደግሞ ምን?» ብለው አልጠየቁም። ቸኩለዋልና ማዳበሪያቸውን አነሡ። እኔም አልጠይቅም፤ እናንተም አትጠይቁ።

አቶ ድልነሳ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አጠገባቸው ሁለት የማኅበሩ አባላት ተቀምጠዋል። እትዬ ላቀች ከሩቅ ጀምረው ነው የመጡት፤ «አቶ ድልነሳ፣ ይፍቀዱ! ሕፃኑ ዝም አይልም ጡት ካላጋተ፤ ጡት አያጋትም ገንፎ ካልተበላ፤ ገንፎ አይገነፋም ዱቄት ካልመጣ፤ ዱቄት አይመጣም ወፍጮ ካልዞረ፤ ወፍጮ አይዞርም ዶሮ ካልተለየ፤ ዶሮ አይለይም ኮምፒዩተር ካልሣለ፤ ኮምፒዩተር አይሥልም ዜሮ ካልተነሣ፤ ዜሮ አይነሣም ትርሲት ካልነካች፤ ትርሲት አትነካም እርስዎ ካልፈቀዱ!»

አቶ ድልነሳ ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «እትዬ ላቀች፣ እግዜር ያሳድገው ሕፃኑን። እኔ ግን መፍቀድ አልችልም። በኔ አሳብ አይደለም ዜሮ የሆነው፤ በአንድ አባል ቃል ነው። ያ ቃል ካልተነሣ አልፈቅድም።»

«የማን ቃል?»

አቶ ድልነሳ መዝገቡን ገለጡና አነበቡ፦ «አንዲት የተከበሩ የማኅበሩ አባል፣ በደረሳቸው ሥዕል ተቀይመው፣ ‹ከዛሬ ጀምሮ ከጎረቤቴ ማዳበሪያ የተለየ ነገር የኔ ላይ ብትለጥፉ ማኅበሩን ለቅቄ እወጣለሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን› ብለው እህላቸውን ሳያስፈጩ ስለተመለሱ፣ ልዩነት የሚባለው ቁጥር ዜሮ ላይ እንዲሆን ተወስኗል።»

«ይህች ማናት?» ብለው ጮኹ እትዬ ላቀች። «ለአንድ ሥዕል ብላ ከተማውን ዱቄት የከለከለች! የኔን የልጅ ልጅ በረሃብ የምታስለቅስ! ስሟን ንገሩኝ፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ...»

አቶ ድልነሳ ጣራውን አዩ። አንዱ አባል ጥፍሩን አየ። ሌላኛው የጫማውን ማሰሪያ ፈታና እንደገና ያስር ጀመር።

ያን ጊዜ ጣራውን ማን ሲያይ እንደነበረ፣ ጥፍሯን ማን ስታይ እንደነበረች ትዝ አላቸው። ማክሰኞ ጧት ትዝ አላቸው። የደረሳቸው ሥዕል ዶሮ አቅፎ የቆመ ጅብ ነበር፤ መቶው ልቅ የለቀቀው ጅብ። ወረፋው ሁሉ ሲስቅ፣ «ሆዳም ብላችሁ ሰደባችሁኝ!» ብለው ሥዕሉን ጥለው፣ ገብሱን ተሸክመው ወጡ። ቤት ሲደርሱ ስንዱን ምጥ ይዟታል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ረሱት። እሳቸው ረሱት እንጂ ቃላቸው አልረሳም፤ ከትርሲት ሱቅ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ድስታቸው ድረስ ሥራውን ሲሠራ ነበር።

እትዬ ላቀች ማዳበሪያው ላይ ቁጭ አሉ። አፈሩ፤ በጣም አፈሩ። ዕንባቸው መጣ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉ በቀስታ። ከዚያ ቀና አሉ። «ግን ለምን አልነገራችሁኝም? በሪሁን ያውቃል፣ ትርሲት ታውቃለች፣ እርስዎም ያውቃሉ።»

«ይሉኝታ ይዞን ነው እትዬ» አሉ አቶ ድልነሳ። «አራስ ቤት ያለ ሰው እንዴት ይወቀሳል?»

«ይሉኝታ ሕፃን አያጠባም!» አሉ እትዬ ላቀች ብድግ ብለው። «ቃሌን አነሣሁ። እነሆ፣ በሁላችሁ ፊት አነሣሁ።»

«ደግሞ ጅብ ቢወጣስ?»

«ጅብም ይውጣ፣ ጎሽም ይውጣ! እኔ ሕፃኑን ነው የምፈልገው።»

አቶ ድልነሳ ዜሮ የሚለውን ሰርዘው «እንደሚሻለው» ብለው ፈረሙ። እትዬ ላቀች ወረቀቱን ይዘው ወደ ትርሲት፤ ሁለቱ አባላት ገብሱን ተሸክመው ከኋላ ከኋላ።

ትርሲት አሁን ሳትቸኩል ነው የነካችው። ቁጥሩን አምስት ላይ አደረገች፤ ዶሮዎቹ መንትያ መሰሉ፤ ማን ማን እንደሆነ እናታቸውም አትለይም። ስልሳ ላይ አደረገች፤ ዶሮዎቹ ቦቲ ጫማ አድርገው መጡ፤ አንዱም ጃንጥላ ይዟል።

«ይህ ቁጥር የፍየል ገመድ ነው ለካ» አሉ እትዬ ላቀች ከኋላዋ ሆነው። «ችካሉ ሥር ብታስሪያት ያንኑ ሣር ትግጣለች። ገመዱን ብትፈቺላት የሰው ማሳ ትገባለች። እስቲ የግቢዋን ያህል ልቀቂላት።»

ትርሲት ሃያ አምስት ላይ አቆመችው። ወረቀቱ አንድ አንድ እያለ ይወጣ ጀመር። ሁሉም ዶሮ ነው። ግን አንዱ ጀርባውን ሰጥቷል፤ አንዱ አጥር ላይ ወጥቷል፤ አንዱ ጅራቱ የተነጨ ነው፤ አንዱ ወፍሮ አንገት የለውም፤ አንዱ ደግሞ ነጭ ሆኖ እንዳኮረፈ ሰው ዓይኑን ጨፍኗል። እትዬ ላቀች ያንን ሲያዩት በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ይህንን ከእነዚያ ከተኮራረፉት አማቾች ለአንዷ ስጪልኝ፤ ይታረቁበታል።»

«ለእርስዎስ የቱን ልስጥዎ፣ እትዬ?»

እትዬ ላቀች ዶሮዎቹን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ጅብ... ጣልሽው?» አሉ።

ትርሲት መሳቢያዋን ሳበች። ጅቡ እዚያው ዶሮውን አቅፎ ተቀምጧል፤ ማክሰኞ ሥዕሎቹን ወፍጮ ቤት ስታደርስ ከመሬት አንሥታ አቧራውን ጠርጋ አስቀምጣው ነበር፤ ሁለት ሆኖ። «ይለጠፍልኝ» አሉ እትዬ ላቀች። «ከሾላ በር ማዳበሪያ ሁሉ እንደዚህ የሚታወቅ የትም የለም።»

ወፍጮ ቤት ሲደርሱ ወረፋው ጅቡን አይቶ ሊስቅ አለና ፊታቸውን አየ። ፊታቸው ላይ ሳቅ ነበርና አብሮ ሳቀ። ከፊት የቆሙት ሁሉ ማዳበሪያቸውን እየጎተቱ፣ «የአራስ ገብስ ይቅደም፣ ይቅደም» አሉ። ጋሽ በሪሁን የዶሮዎቹን መልክ አንድ በአንድ መረመሩ፤ ሁለት የሚመሳሰል አጡ፤ ያባታቸውን አጥንት አመሰገኑና ሞተሩን አስነሡ።

እንግዲህ ጫፉን የያዛችሁ፣ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሰንሰለቱ ሊመለስ ነው! ቃል ተነሣ፤ ሰብሳቢው ፈቀዱ፤ ትርሲት ነካች፤ ዜሮ ተነሣ፤ ኮምፒዩተር ሣለ፤ ዶሮ ተለየ፤ ወፍጮ ዞረ፤ ዱቄት መጣ፤ ድስት ተጣደ፤ ገንፎ ተገነፋ፤ ቅቤው መሐሉ ላይ ቀለጠ፤ ስንዱ በላች።

በላች፣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ነቃች፣ ደግማ በላች። ወተት እንደ ወፍጮ ሞተር ወዲያው አይነሣምና እትዬ ላቀች ሕፃኑን ታቅፈው ጠበቁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ስንዱ፣ «እማዬ፣ አምጪው» አለች። ጡት አጋተ። ሕፃኑ ሁለት ጊዜ ሳበ፣ ሦስተኛውን ሳበ፣ ዋጠ።

ሕፃኑ ዝም አለ።

ቤቱ እንዲህ ጸጥ ሲል እትዬ ላቀች ከጧት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ትዝ አላቸው። ድስቱን ወደ ጭናቸው ጎትተው በማንኪያ ጥጉን መጥረግ ጀመሩ፤ ጠርዙን ጠረጉ፣ ታቹን ፋቁ፣ ማማሰያውንም ላሱ። ስንዱ ከአልጋዋ ሆና ከበሩ ኋላ ያለውን ማዳበሪያ አየች፣ ጅቡን አየች፣ እናቷን አየች።

«አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» አሉ እትዬ ላቀች አፋቸው ሞልቶ። «ኮምፒዩተሩ ያየውን ነው የሣለው።»

እኔም ሰንሰለቴን እዚህ ለቀቅሁ። ለደከመው አፌ ዳቦ እንዳታመጡ፤ ከዚያ ድስት የተረፈ ካለ እሱኑ።